በመስኮት መተያየትና በአንድ ማዕድ መቀመጥ



ቅዱስ ዮሐንስ ሁለተኛይቱንና ሦስተኛይቱን መልእክት በሚፈጽምበት ስፍራ፣ ለሚያነበው ሰው የተለመደ ስንብት መስሎ የሚያልፍ አንድ አሳብ አስፍሮአል። ገና የሚጽፍላቸው ብዙ ነገር እንዳለው፣ ነገር ግን ያን ሁሉ በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው እንደማይፈልግ ይነግራቸዋል፤ መጥቶ ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው ተስፋ ያደርጋልና፤ ደስታውም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው (2ዮሐ. 12፤ 3ዮሐ. 13-14)። ሐዋርያው ደብዳቤን አልናቀም። ንቆት ቢሆን ኖሮ እኛም ዛሬ የምናነበው ባልኖረን ነበር። ይሁን እንጂ ደብዳቤ የሚሸከመውንና የማይሸከመውን ለይቶ ያውቅ ነበር።

በእኛ ዘመን ወረቀቱና ቀለሙ መልኩን ለውጦ መጥቶአል። ፊትን የሚያሳይ፣ ድምፅን የሚያሰማ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ወንድም በእጅ መዳፍ ላይ የሚያኖር ሆኖአል። በዚህም ምክንያት ከማኅበራት አለቆችና ከጸሎት ቡድን አስተባባሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። «አባ፣ በቪዲዮ እየተያየን መጸለይና መመካከር ከቻልን፣ በአካል ባንሰበሰብ ምን ይጎድልብናል?» ይላሉ። ይህን የስንፍና ጥያቄ ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ከመሣሪያው ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ምንነት መነሣት አለበት።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ሁላችን እናስታውሳለን። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ መሰብሰብም ተከለከለ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2020፣ ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት፣ ሰው በሌለበት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ፊት ቅዱስ ቁርባንን ይዘው ዓለምን ሲባርኩ፣ ሕዝቡ በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታተለ። መቁጠሪያ የሚደግሙ ቡድኖችም በቴሌግራምና በዙም መገናኘት ጀመሩ። ያ ዘመን ያስገኘውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። ተበታትነው የነበሩ የአንድ ማኅበር ልጆች፣ አንዱ በዋሽንግተን፣ አንዱ በሮም፣ አንዷ በቤይሩት ሆነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የእርስ በርሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ሕመም የጣላቸው አረጋውያን ከአልጋቸው ሆነው ከወንድሞቻቸው ጋር «አሜን» አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 ወረርሽኙ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ስጋት መሆኑ እንዳበቃ አስታወቀ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ማኅበራት ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም። ክፋት አይደለም። የታክሲ ሰልፍ አለ፤ የመጓጓዣው ዋጋ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ድካም አለ። እቤት ተቀምጦ፣ እግርን ዘርግቶ፣ ቡናን ፉት እያሉ መከታተል ይቀላል። የሚቀለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን የመገናኛ መሣሪያን ስትፈራ አልኖረችም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 የቫቲካንን ራዲዮ ሲመርቁ፣ ጣቢያውን የሠራላቸው ራሱ ማርኮኒ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ራሱን የቻለ ድንጋጌ አውጥቶአል። ስለ ቅድስት ክላራ የሚነገረውንም ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በሕይወትዋ ማብቂያ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1252 የልደት ሌሊት፣ በሕመም ምክንያት ከአልጋዋ መነሣት ስላልቻለች እኅቶችዋ ለጸሎት ሲሄዱ ብቻዋን ቀረች፤ በቅዱስ ፍራንቼስኮስ ቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመውን ጸሎትና ዝማሬ ግን ከዚያው ከተኛችበት ሆና ሰማች፤ የጌታንም ግርግም አየች ይባላል። ስለዚህም ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ የቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት አድርገው ሰየሙዋት። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ይተዉታል። ሲነጋ እኅቶችዋ ወደ አልጋዋ መጡ፤ እርስዋም ያገኘችውን ጸጋ ነገረቻቸው። ብቻዋን የተቀበለችውን ብቻዋን አልያዘችውም፤ የሚመጣላት፣ የምትነግረውም ሰው ነበራት።

በሌላ በኩል ይህችው ቤተ ክርስቲያን ድንበሩንም አመልክታለች። በቅድስት መንበር የማኅበራዊ መገናኛዎች ጉዳይ ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ኢንተርኔት ባወጣው ጽሑፍ፣ በኢንተርኔት ውስጥ ምስጢራት እንደሌሉ በግልጽ አስቀምጦአል። በሜይ 2023 በወጣው ሌላው የቅድስት መንበር ጽሑፍም፣ ማዕድን በስክሪን አማካይነት መካፈል እንደማይቻል ተጽፎአል። ስለ ምስጢራት እንግዲህ የሚያከራክር ነገር የለም፤ በስልክ ንስሓ የለም፤ በስልክ ቁርባን የለም። ጥያቄው የሚቀረው ምስጢር ስላልሆኑት ስብሰባዎች ነው፤ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ፣ ስለ መቁጠሪያው ቡድን፣ ስለ ካቴኪስቶች ጉባኤ። እነዚህን በአካልም በስክሪንም ማድረግ ይቻላል። እኩል ናቸውን?

ወደ ሐዋርያት እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ከተሰሎንቄ ምእመናን በተለየ ጊዜ፣ የተለየው በአካል እንጂ በልብ እንዳልሆነ ይጽፍላቸዋል። ፊታቸውን ሊያይ ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሊታገሥ ባልቻለ ጊዜ ምን አደረገ? ጢሞቴዎስን ላከ (1ተሰ. 2፡17 እስከ 3፡10)። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ደብዳቤ በመጻፍ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን አስቀድሞ ሰው ላከ፤ ጢሞቴዎስ ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ከነገረው በኋላ ነው ብዕሩን ያነሣው። ደብዳቤውም ከሄደ በኋላ ናፍቆቱ አልበረደም፤ ፊታቸውን ያይ ዘንድ ሌሊትና ቀን እንደሚጸልይ በዚያው ደብዳቤ ይናገራል። መልካም ደብዳቤ ናፍቆትን ያባብሳል እንጂ አያጠፋም። የቪዲዮ ስብሰባችንንም በዚሁ ልንመረምረው እንችላለን። ከስልኩ ስንለያይ «መቼ እንገናኛለን?» የምንል ከሆነ፣ እንደ ጳውሎስ ደብዳቤ ሠርቶአል። «ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» የምንል ከሆነ ግን አንድ ነገር ሞቶብናል።

ይህ ሰውን የመላክ ልማድ በሐዋርያት አላበቃም። ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ የክርስቲያኖችን የእሑድ ስብሰባ ይተርካል። በከተማም በገጠርም የሚኖሩት ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይመጣሉ፤ ጊዜው እስከ ፈቀደ ድረስ የሐዋርያት ጽሑፍና ነቢያት ይነበባሉ፤ ስብሰባውን የሚመራው ያስተምራል፤ ከዚያም በኅብስቱና በወይኑ ላይ ምስጋና ይደርሳል። ካልመጡትስ ምን ይደረጋል? ዲያቆናቱ ከተባረከው ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በዚያው ጉባኤ ያለው ሰው እንደ ፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ ተሰብስቦ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። በሮም ከተማም ይህን የመሰለ ልማድ ነበረ። ር.ሊ.ጳ. ኢኖቼንሲዮስ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ416 ለአንድ ጳጳስ እንደ ጻፉት፣ ሕዝባቸውን ትተው ወደ ጳጳሱ ቅዳሴ መምጣት ለማይችሉ ካህናት፣ በተለይ በዚያ ቀን ከአንድነቱ የተለዩ እንዳይመስላቸው፣ ጳጳሱ ከባረኩት ኅብስት በአገልጋዮች እጅ ይላክላቸው ነበር።

እንግዲህ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ርቆ ስለ ቀረው ሰው ያሰበችው ከእኛ ያነሰ አይደለም። ምናልባት ይበልጣል። የቀረው ሰው እንዳይረሳ ታደርግ የነበረው ግን የተሰበሰቡትን በመበተን አልነበረም፤ ከተሰበሰቡት መካከል እግር ያለውን በመላክ ነበር።

አሁን ወደ ስብሰባው ውስጥ እንግባ። በጢሮአዳ ምእመናን እንጀራ ሊቆርሱ በሰገነት ላይ ተሰብስበው ሳሉ፣ ጳውሎስ ንግግሩን እስከ እኩለ ሌሊት አስረዘመው። አውጤኪስ የሚባል ጎልማሳ በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለው፤ ከሦስተኛው ደርብም ወደቀ። (ረጅም ስብከት ሰውን የሚያስተኛ መሆኑ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ያለ ነውና እኛ ሰባኪዎች ብዙ አንዘን።) ጳውሎስ ስብከቱን አቋርጦ ወረደ፤ በላዩም ወድቆ አቀፈው፤ ብላቴናውንም ሕያው ሆኖ ወሰዱት (ሐሥ. 20፡7-12)። ይህ ስብሰባ በስክሪን ቢሆን ኖሮ፣ አውጤኪስ ምስሉን አጥፍቶ ይተኛ ነበር፤ ስሙ በጥቁር ሳጥን ውስጥ ተጽፎ እንዳለ ይታያል፤ መውደቁንም ማንም አያውቅም ነበር። የወደቀውን ለማንሣት መጀመሪያ መውደቁ መታየት አለበት።

በስክሪን ላይ እያንዳንዳችን የምናሳየው ልናሳየው የመረጥነውን ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ግን ያልመረጥነውም ይታያል። ጫማው የተቀደደበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለማዕድ ሲቀርብ የተራበ ሰው አበላል የሚበላ፣ ነጠላዋን ወደ ፊትዋ ስባ በጉንጭዋ ላይ ያለውን ሰንበር የምትሸፍን እኅት፣ ጠዋት ጠዋት አፉ መጠጥ የሚሸት አባወራ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይናገራሉ። ልምድ ያላት የማኅበር እናት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። በዕለቱም አትናገርም፤ በማግሥቱ በጓዳ በር ትገባለች።

ስለ ጸሎቱም እንናገር። በቪዲዮ መቁጠሪያ የደገማችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲመልስ ድምፁ እየዘገየ ስለሚደርስ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ መሪው «ድምፃችሁን አጥፉ» ይላል። ሁላችን ድምፃችንን አጥፍተን፣ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እየሰማን፣ በየቤታችን ለብቻችን እንመልሳለን። መዝሙር ቢሞከር ጭብጨባው አይገጥምም፤ እልልታውም አንድ ስንኝ ዘግይቶ ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ የሚገርመኝ ዝምታው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ወንጌል ተነቦ ዝም ስንል ዝምታው ጸሎት ነው፤ የሽማግሌው ትንፋሽ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ፣ የሻማው ጭስ አብሮን አለ። በስክሪን ላይ ግን ግማሽ ደቂቃ ዝም ብንል «ሃሎ፣ ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ደግሞም መጣላት አለ። ማኅበር ባለበት ቅያሜ አይጠፋም። ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር ሊታረቅ እንዲሄድ ያዘዘው ሰው (ማቴ. 5፡23-24) በእግሩ መሄድ ነበረበት። በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችን እጅ እንድንነሣሣ ሲያዝዝ፣ ከጎናችን የቆመው ያ የተቀየምነው ሰው ሊሆን ይችላል፤ መሸሽም አይቻልም። በቪዲዮ ስብሰባ ግን ያኮረፉ ሁለት ሰዎች ለዓመታት አብረው «ሊገኙ» ይችላሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። የተቆጣም ሰው መውጫው በጣቱ ጫፍ ላይ ነው፤ በሩን አልፎ ሲወጣ ክንዱን ይዞ «ወንድሜ፣ ተው ተቀመጥ» የሚለው የለም።

ከዚያም ስብሰባው ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ አለ። በብዙ ማኅበራት ዋናው ነገር የሚነገረው በስብሰባው ውስጥ ሳይሆን ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ነው። በክፍሉ ውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» ያለችው ሴት፣ አብራት ለምትሄደው ጎረቤትዋ ልጅዋ ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት እንደሆነው የምትነግራት ከድልድዩ ማዶ ነው። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲወርዱ ልባቸውን ያፈሰሱት በመንገድ ላይ ነበር። እንጀራ ሲቆርስ ዐውቀውት ጌታ ከፊታቸው ከተሰወረ በኋላም፣ ቀኑ መሽቶ ሳለ፣ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ (ሉቃ. 24፡13-35)። ጌታን ካዩ በኋላ ለምን ደከሙ? ሊነግሩአቸው የሚገቡ ወንድሞች ስለነበሩ ነው። የዙም ስብሰባ ግን መንገድ የለውም። በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ እያንዳንዱም ብቻውን በክፍሉ ይቀራል።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ትቃወሙኝ ይሆናል፤ መቃወማችሁም ትክክል ነው። በአካል መሰብሰብ ብቻውን ዋስትና አይደለም። የቆሮንቶስ ምእመናን በአካል ይሰበሰቡ ነበር፤ ጳውሎስ ግን መሰብሰባቸው ከመጥቀም ይልቅ እንደሚጎዳ ጻፈላቸው፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበርና (1ቆሮ. 11፡17-22)። ዛሬም በአንድ ክፍል ተቀምጠን እያንዳንዳችን በጉልበታችን ላይ ያለውን ስልክ የምናይበት ማኅበር አለ። ድግሱ እየከበደ ሄዶ ድኻው አባል ተራው እንዳይደርስበት ፈርቶ የሚቀርበት ማኅበርም አለ። እንዲህ ያለውን ማኅበር ከስክሪኑ ጋር ብናወዳድረው ስክሪኑ ይሻላል፤ ቢያንስ ማንንም አያዋርድም። እንዲሁም የእግዚአብሔር ጸጋ በርቀት አይታሰርም። ጌታ የመቶ አለቃውን አገልጋይ ቤቱ ሳይገባ ፈውሶታል (ማቴ. 8፡5-13)፤ በቃና ሆኖ በቅፍርናሆም የታመመውን የሹሙን ልጅ አድኖአል (ዮሐ. 4፡46-54)። በቪዲዮ የሚጸለይ ጸሎት እውነተኛ ጸሎት ነው፤ በዚያ የሚሰማ ቃልም ቃሉ ነው። ነገር ግን ያው በርቀት ማዳን የሚችለው ጌታ ለምጻሙን ዳሰሰው፤ የዕውሩን እጅ ይዞ ከመንደር ወደ ውጭ መራው፤ የደቀ መዛሙርቱንም እግር አጠበ። ቃል በመሆን ብቻ ሊያነጋግረን ይችል ነበር፤ ሥጋ ሆነ።

እንግዲህ ስክሪኑ ብቸኛ በራቸው ስለሆነላቸው ሰዎች ልናገር፤ የዚህ ስብከት ክብደት በእነርሱ ላይ ነውና። በዐረብ ሀገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን አስቡ። በሳዑዲ ዐረቢያ አንዲት ቤተ ክርስቲያን እንኳ የለችም። በቤይሩትና በዱባይ ቤተ ክርስቲያን ቢኖርም፣ ፓስፖርትዋ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈባትና የዕረፍት ቀን የማይሰጣት እኅት ልትደርስበት አትችልም። እንዲህ ያለችው እኅት «ማዳም» እስክትተኛ ጠብቃ፣ በወጥ ቤቱ ጥግ ቆማ፣ የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርጋ የማኅበርዋን ጸሎት ትከታተላለች። ለእርስዋ ይህ ምቾት አይደለም፤ አንድ ሰዓት እንቅልፍዋን ከፍላበታለች። ይህን በር ማንም እንዳይዘጋባት። «በአካል ካልመጣሽ አባል አይደለሽም» የሚል ማኅበር ካለ የክርስቶስን ልብ አላወቀም።

ነገር ግን ይህችን እኅት ስናስብ ነው ጥያቄው ጥርት ብሎ የሚታየን። እርስዋ በሌሊት ስልክዋን ስትከፍት ምን ልታገኝ ትፈልጋለች? የምታውቀውን ክፍል፣ ሻማውን፣ የእመቤታችንን ሥዕል፣ እነ እትዬ እገሌ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ቡናው ሲቆላ፣ ሕፃናት በሰው እግር መካከል ሲሽሎከሎኩ ልታይ ትፈልጋለች። ወደዚያ ቤት ነው የምትገባው። መምጣት የምንችለው እኛም በየቤታችን ተቀምጠን በየራሳችን ስልክ ከተገናኘን ግን የምትገባበት ቤት የለም፤ እንደ ራስዋ ብቻቸውን የተቀመጡ ሃያ ሰዎችን ታገኛለች እንጂ። እርስዋ ከጉባኤ የራቀች ሴት መሆንዋ ቀርቶ ጉባኤው ራሱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የቪዲዮ ስብሰባ ከአካል ስብሰባ ጋር እኩል ነውን ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የሚኖረው ከእርሱ በሚያገኘው ሕይወት ነው፤ ያ ሲደርቅ ይህም አብሮ ይደርቃል። መምጣት የምንችለው ሰዎች የምንመጣው ለራሳችን ብቻ አይደለም፤ መምጣት ለማይችሉት ቤት ሆነን ልንጠብቃቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሽቦ ይበጠሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደ ነበር አንረሳም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙው ሕዝብ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አልተመለሰም። የአዲግራት ሀገረ ስብከት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የማናውቅበት ወራት አለፈ። በዚያ ጊዜ ማኅበርን ያቆየው አጠገብ ያለው ሰው ነበር። ጸሎትን በስልክ ብቻ የተማረ ማኅበር እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ በአንድ ምሽት ይበተናል።

ለእናንተ ለካቴኪስቶች ጥቂት ልጨምር። ስለ ሥልጠና የቪዲዮ ትምህርት ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ትምህርቱ ይጠቅማል። ስለ ምስጢራት፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚሰጥ ጥሩ ገለጻ ከከተማ ወደ ገጠር በስልክ ቢደርስ የብዙ ቀን መንገድ ያድናል። በዚያው መጠን ለዳታ የሚወጣውን ገንዘብና ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣውን ካቴኪስት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ትምህርቱ አስቀድሞ ተቀድቶ በፍላሽ ቢሰጠው ይሻላል። ካቴኪስት ግን በገለጻ ብቻ አይፈጠርም። ሌላው ካቴኪስት በለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ንዑሰ ክርስቲያኖችን እንዴት እንደሚቆጣ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት እንዴት እንደሚጸልይ አይቶ ነው የሚማረው፤ ለዚህም በዓመት ጥቂት ቀን አብሮ ማደር ይገባል። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ያሉዋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዐድዋ ከደረሱ ጀምሮ ወደ ሀገራቸው ብዙ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ሕዝባችንን ግን በደብዳቤ አላስተማሩም። እ.ኤ.አ. በ1860 ያረፉትም በጉዞ ላይ ሳሉ፣ በቆላ መንገድ ዳር ነው።

በተግባር ምን እናድርግ ለምትሉ ማኅበራት፣ በአንዳንድ ቁምስና ተሞክሮ መልካም ሆኖ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ስብሰባው በአካል ይሁን፤ አንድ ስልክ ብቻ ተከፍቶ በማዕዱ ላይ ይቀመጥ፤ የሌሎቻችን ስልክ በቅርጫት ይሰብሰብ። በስልክ ያሉት አባላት አስቀድመው ይናገሩ እንጂ ከሁሉ በኋላ ጊዜ ከተረፈ ብቻ አይጠየቁ። ከአልጋ ያልተነሣ አባል ካለ በስልክ ስላየነው ጎበኘነው ብለን አንቁጠር፤ ከመለያየታችን በፊት በዚያ ሳምንት ማን እንደሚሄድለት በስም ይወሰን፤ የሚሄደውም ባዶ እጁን አይሂድ። የከተማችሁ መንገድ ሩቅ ከሆነ በየሳምንቱ በአካል፣ በየሳምንቱ በአካል ብላችሁ ሰውን አታስጨንቁ፤ በወር አንድ ጊዜ በአካል፣ በመካከሉ በስልክ መሆን ይችላል፤ የወሩ ግን አይቅር።

በቅርቡ አንድ ማኅበር ካለቆቹ ሁለቱን ልኮ ጠየቀኝ። አንዲት አባላቸው በቤይሩት ትሠራለች፤ በስልክ ከሚገኙት ሁሉ የማትቀር እርስዋ ናት። የደጋሽነት ተራ ሲደርስባት ይለፋት ወይስ ይቆጠርባት ብለው ተከራክረው ነበር። ከክርክሩ መካከል እርስዋ ራስዋ ከስልኩ ውስጥ «ተራዬን ማን ይወስድብኛል?» አለቻቸው። ገንዘቡን ልካለች። ማኅበሩ በእናትዋ ቤት ሊሰበሰብ ተስማሙ፤ እናትዋም ቤቱን ማጠብ ከጀመሩ ሳምንት ሆኖአቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ነገር ቀራቸው፤ ስልኩን የት እናስቀምጠው አሉ። በእናትዋ ወንበር አጠገብ፣ ደጁን በሚያይበት በኩል አድርጉት አልኳቸው።